ስፖርቷ መኪናና የጋሽ ጥሩነህ ድንች

የመኪናዋን ስም አትጠይቁኝ፤ አልናገርም። ጥፋቱ የኔ ሆኖ ሳለ የሰው ፋብሪካ ስም ማንሳት ነውር ነው። ጣሊያን ሠራሽ እንደሆነች፣ ጥቁር ሰማያዊ እንደሆነችና ከመሬት ያላት ርቀት ከአንድ ጫማ ሣጥን ቁመት እንደማይበልጥ ብነግራችሁ ለዛሬው ወሬዬ ይበቃል።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከእንጅባራ ዳንግላ የሚመላለስ የሰው ሚኒባስ እነዳ ነበር። መነኻሪያ ውስጥ «ነፋሱ» ይሉኝ ነበር፤ እኔም ስሙን እንደ ማዕረግ ነበር የምሸከመው። አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ ፍጥነቴ ሳይሆን አፌ ነው። «መሪ ያለው ነገር ሁሉ ይታዘዘኛል» እያልኩ እፎክር ነበር። ሕልሜ አንድ ብቻ ነበረች፦ አዲስ አበባ ገብቶ ጥሩ መኪና መንዳት።

በጥር ወር አቶ ይርዳው የሚባሉ ነጋዴ የእህታቸውን ልጅ ሊድሩ መጡ። የእንጅባራ ተወላጅ ናቸው፤ ኑሯቸው አዲስ አበባ ነው። ሙሽራውን ለማክበር ብለው ያቺን መኪና ይዘው ከተፍ አሉ። ያረፉበት ሆቴል ግቢ ለሁለት ቀን ገበያ መሰለ። ሽማግሌ፣ ተማሪ፣ ባጃጅ ነጂ፣ ማን ያልመጣ አለ! እኔም ሥራዬን ትቼ ሄጄ ሹፌራቸውን መኮንንን በጥያቄ አደከምኩት። መኮንን የተረጋጋ ሰው ነው፤ ሜካኒክም ነው። ከሠርጉ በኋላ ሹፌርነቱን ትቶ ባሕር ዳር የራሱን ጋራዥ ሊከፍት እንደሆነ ሁሉም ሰምቷል።

«የዚህች መኪና ዋናው ሞዴል» አለኝ፣ «ሰው ሚስቱንና ሻንጣውን ይዞ፣ ተመችቶት፣ ከአገር አገር እንዲሄድባት የተሠራች ናት። ይቺኛዋ የዚያችው ስፖርት ዓይነት ናት። ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አድርገዋታል፣ ሞላዋን አጠንክረውታል፣ ድምጿን ለቀውታል። ከዚህችም የባሰች አለች፤ ክብደት ለመቀነስ ብለው የኋላ ወንበሯን ጭምር ያወጡላት።»

«ሰው ገንዘብ ጨምሮ የማይመቸውን ይገዛል?» አልኩት።

ሳቀ። «ምቾት የሚፈልግማ ዋናዋን ይገዛል። ይቺ መንገዱን እንድትሰማው ነው።»

በሠርጉ ቀን ጠዋት መኮንን ሆዱን ቆርጦት ከአልጋው መነሣት አቃተው። ሙሽሪት ያለችው ዳንግላ ነው። አቶ ይርዳው የፈለጉት መኪናዋ ቀድማ ሄዳ፣ ታጥባና አበባ ታስሮላት፣ የሙሽራው አጃቢ ሲደርስ በሙሽሪት ደጅ ቆማ እንድትጠብቅ ነበር። «ማን ያድርስልኝ?» ብለው ሳይጨርሱ እኔ ፊታቸው ቆሜያለሁ።

ግቢውን ሁለት ጊዜ አዞሩኝ። ማርሹ እንደ ሚኒባሴ በዱላ ሳይሆን ከመሪው ኋላ በጣት የሚነካ ነው። ለመድኩት። አቶ ይርዳው ትከሻዬን ያዙና «አያልነህ፣ ስማኝ» አሉ። «መኮንን ሊለየኝ ነው። እንደሰጠሁህ አድርገህ ከመለስክልኝ ከሠርጉ ማግስት አዲስ አበባ ከኔ ጋር ትገባለህ። ሹፌሬ ትሆናለህ።»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? ሕልሜ ቁልፍ ሆና መዳፌ ላይ ተቀመጠች።

ከእንጅባራ ስወጣ ንጉሥ ነበርኩ። አዲስ ቅዳም ስደርስ ግን ወገቤን መያዝ ጀመርኩ። መንገዱ አስፋልት ነው፤ ግን እዚህም እዚያም ተቆርሷል። በሚኒባስ የማላስተውለው ጭረት ሁሉ በስፖርቷ መኪና ወንበር አልፎ አከርካሪዬ ድረስ መጣ። ትንጣለች፣ ትዘላለች። ሙሽሪት ትዝ አለችኝ። ያን ሁሉ ሹሩባና ጌጥ ተሸክማ እንዲህ እየተንገጫገጨች እንጅባራ ብትደርስ ምን ትላለች? «ሹፌሩ ነው እንጂ መኪናዋማ» ይባላል። ሥራዬ ሳልይዘው ሊያመልጠኝ ነው ብዬ ላብ ላብ አለኝ።

እዚህ ላይ ነው ብልጠቴ የመጣችው። መንዳት ያስተማረኝ ሰው የአይሱዙ ሹፌር ነበር። «ባዶ መኪና ይዘላል፣ የተጫነ ይረጋል» የሚለውን ቃል እንደ ውዳሴ ማርያም አስጠንቶኛል። እውነቱን ነው፤ ባዶ አይሱዙ እንደ ጥጃ ይፈነጫል፤ ሠላሳ ኩንታል ሲጫንበት እንደ በሬ ይረጋል። እኔም «ይቺ መኪና የጎደላት ጭነት ነው» ብዬ ፈረድኩ። የጣሊያን መሐንዲሶች ያልታያቸው ነገር ለኔ ታየኝ።

ከአዲስ ቅዳም ወጣ እንዳልኩ፣ ለከሰል የሚተከለው ዛፍ በሁለቱም በኩል በበቀለበት ዳገት ላይ አንድ ጋሪ አገኘሁ። ባለጋሪው ጋሽ ጥሩነህ ይባላሉ፤ በመልክ የማያውቃቸው የመስመሩ ሹፌር የለም። ስድሳውን ያለፉ፣ ረዘም ያሉ፣ አንገታቸው ላይ ፎጣ የማይጠፋ ሰው ናቸው። ወርደው ፈረሳቸውን ከፊት እየሳቡ ነበር። ጋሪው ላይ አራት ግማሽ ግማሽ ኩንታል ድንች ተጭኗል።

መስኮቱን አውርጄ «ጋሽ ጥሩነህ፣ ወዴት ነው?» አልኳቸው።

«ዳንግላ፤ እህቴ ዘንድ። የዘር ድንች ነው፤ በመስኖ ሊተክሉት ነው።» መኪናዋን ጎንበስ ብለው አዩ። «አንተ፣ ይኼ ነገር ሰምጦ ነው እንዲህ የተሠራ ነው?»

«እንዲህ የተሠራ ነው። ድንቹን እኔ ላድርስልዎት?»

«በዚህ?» ብለው ፈረሳቸውን አዩ፤ ፈረሱም መኪናዋን አየ። «በሠርግ መኪና ድንች?»

«ፈረሱ ይረፍ ብዬ ነው» አልኩ። ይኼ የዚያን ቀን የመጀመሪያው ውሸቴ ነበር።

መረቁኝ። በሕይወቴ እንደዚያ የተመረቅኩበት ጊዜ የለም። ሁለቱን ከረጢት በግድ ጠቅጥቀን ከኋላ ሣጥን ውስጥ፣ ሁለቱን ጨርቅ አንጥፌ የኋላ ወንበር ላይ ጫንን። መኪናዋ ጭራዋን ጥላ ቁጢጥ አለች። እኔ ዳንግላ መግቢያ ላይ ልጠብቃቸው፣ እሳቸው በባዶ ጋሪ ሊከተሉኝ ተስማምተን ተለያየን።

እመኑኝ፣ ረጋች! መዝለሏን ተወች። «ነፋሱ!» አልኩ ለራሴ ጮክ ብዬ። ብዙ ሳልሄድ አንድ ትምህርት ቤት ደጅ ላይ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አለ። በየቀኑ የማልፈው ነው። ቀስ ብዬ ወጣሁ። የፊቱ ጎማ አለፈ። ከዚያ ከስሬ ብረት ድንጋይ ላይ ሲቀደድ ሰማሁ። የኋላ ጎማው ጉብታውን ሲወርድ ድምጹ ቆመ።

ማርሚታው፣ የጭስ ማውጫው ነው፣ ይጫር፣ ማን ጎንበስ ብሎ ያያል አልኩ። ጥቁር ነጠብጣብ አስፋልቱ ላይ እየተከተለኝ እንደሆነ በመስታወት አላየሁም። ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድኩ መሪው ፊት ቀይ መብራት በራ። ማርሹ አልገባም አለ። መኪናዋ ኩርባ ላይ፣ መሀል መንገድ ቆመች።

ወርጄ ጎንበስ ስል ዘይት ከኋላ ይንጠባጠባል። ሞተሩ ከፊት ነው፤ ዘይት ከኋላ ምን ይሠራል? ራሴን ያዝኩ። ከዚያ ቁጭ አልኩ። አልዋሻችሁም፣ አለቀስኩ። ከአንድ ሰዓት በፊት መዳፌ ላይ የነበረችው አዲስ አበባ ከመኪናዋ ጭራ ጠብ ጠብ እያለች ነበር።

ጋሽ ጥሩነህ ደረሱ። ጋሪውን ዳር አቁመው ዘይቱን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ።

«አይዞህ፤ ብረት ነው፣ ይሠራል። አሁን ኩርባው ላይ አይሱዙ እንዳይበላን ዳር እናውጣት። ለመሆኑ ምን ያህል ጉልበት አላት?»

«የአራት መቶ ፈረስ ጉልበት» አልኩ አፍንጫዬን እየጠረግኩ።

«ታዲያ አራት መቶው ቆሞ የኔን አንዱን ዳማ ልታስጎትት ነው?» አሉና ሳቁ። ፈረሳቸውን ዳማን ከጋሪው ፈተው በገመድ ከመኪናዋ ጋር አሰሩት፤ በአገውኛ ለስለስ ያለ ነገር በጆሮው ነገሩት። ዳማ ሁለቴ ተንደረደረና መኪናዋን ዛፍ ጥላ ሥር አስገባት። ድንቹን እሳቸውና እኔ አንድ በአንድ አውርደን ጋሪው ላይ መለስነው። ለምን ቸኩዬ እንደማወርደው አልጠየቁኝም። እኔ ግን አውቀው ነበር፤ ማንም ሳይደርስ ማስረጃ እያጠፋሁ ነበር።

ስልኬ ኔትወርክ አልነበረውም። ከመንገዱ ዳር ያለች ኮረብታ ላይ ወጥቼ እየዞርኩ መኮንን ዘንድ ደወልኩ።

«ዘይት ከኋላ?» አለ በደከመ ድምጽ። «ካምቢዮዋ፣ የማርሽ ሣጥኗ ነዋ! የዚህች መኪና ካምቢዮ ከኋላ ነው ያለው። እንዴት ነካህ? ብቻህን ሆነህ እኮ እንደዚያ ዝቅ አትልም!»

ድንች የጫንኩት ልክ ካምቢዮው ራስ ላይ ነበር ማለት ነው። እውነቱ ጥርሴ ድረስ መጣ። ከዚያ ስልኩን አቶ ይርዳው ተቀበሉ። «ምን ሆነ?» ሲሉኝ ሥራዬ ታየኝ፣ ከታች ያለው ጋሪም ታየኝ።

«ጋሪ ገባብኝ» አልኩ። «ባለጋሪው ድንገት ዘው አለ፣ እሱን ላድን ስል ድንጋይ ላይ ወጣሁ።»

«ጋሪው አለ?»

«አ... አለ።»

«እንዳይሄድ ያዘው! ትራፊክ ይዘን መጣን።» ተዘጋ።

ተመልሼ ወረድኩ። «ያዘው» ተብያለሁ። ምን ብዬ ነው የምይዛቸው? የረዱኝን ሰው በምን አፌ «አይሂዱ» ልበል? ነገር ግን መያዙ አላስፈለገም።

«እነሱ እስኪመጡ ብቻህን አትቆምም» አሉኝ ጋሽ ጥሩነህ፤ ፎጣቸውን አንጥፈው ተቀመጡ። «የሰው ዕቃ ይዘህ፣ በዚህ ዳር።» ከኪሳቸው የሽምብራ ቆሎ አውጥተው ግማሹን መዳፌ ላይ አፈሰሱልኝ። ቆሎውን ጨብጬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ስለ ዳማ አወሩልኝ። በሬ ሸጠው የገዙት ነው። ልጃቸውን መምህርት እስክትሆን ያስተማሩት በዳማ ትከሻ ነው። «እሱ አንድ ቀን ከቆመ የኔ ቤት ይቆማል» አሉ እንደ ቀላል ነገር። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የኔ ውሸት ግን በየደቂቃው ይከብደኝ ነበር። «ቢሄዱ ይሻላል» ልላቸው ሦስት ጊዜ አፌን ከፍቻለሁ። ሦስቱንም ጊዜ አዲስ አበባ አፌን ዘጋችው።

መጡ። ከፊት የአቶ ይርዳው ወንድም መኪና፣ ከኋላው አንድ ትራፊክ ፖሊስ በሞተር፣ ከዚያ ያጌጡ አጃቢዎች የሞሉባቸው ሚኒባሶች። አንደኛው እኔ የምነዳው ነው፤ ሌላ ሰው ይዞታል። መኮንን አመድ መስሎ ወረደና በቀጥታ መኪናዋ ሥር ተንጋለለ። አቶ ይርዳው በሠርግ ልብሳቸው ጋሽ ጥሩነህ ፊት ቆሙ።

«እርስዎ ኖት?»

«ምኑን?» አሉ ጋሽ ጥሩነህ ተነሥተው፣ ቆባቸውን አውልቀው።

ትራፊኩ ደብተሩን ገለጠ። «አባት፣ ጋሪው ለመኪናዋ ጉዳት መነሻ ሆኗል ተብሏል። እስኪጣራ ጋሪውም ፈረሱም ጣቢያ ይገባል። እርስዎም ቃል ይሰጣሉ።»

ጋሽ ጥሩነህ አልጮሁም፣ አልማሉም። ዳማን አንዴ አዩት። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

«አንተ ንገራቸው እንጂ ልጄ» አሉ። «ነጂው አንተ፣ ያየኸው አንተ።»

ዓይናቸው ውስጥ ቁጣ ብፈልግ አጣሁ። ቁጣ ቢኖር ኖሮ ምናልባት እዋሽ ነበር፤ ከተቆጣ ሰው ጋር መካካድ ይቀላል። ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ወርዶ ይመለከተናል፤ የመነኻሪያ ጓደኞቼ በመስኮት ተንጠልጥለዋል።

«ጋሪው አልገባብኝም» አልኩ። «ድንች ጭኜ ነበር። ሁለት ኩንታል። መኪናዋ ስለዘለለችብኝ እንድትረጋ ብዬ የሳቸውን ድንች ለምኜ ጫንኩ፤ ጉብታው ላይ ታከከች። ስደውል ዋሸሁ። እሳቸው የጎተቱኝ እንጂ ያጠፉት የለም።»

ከዚያ ከመኪናዋ ሥር የመኮንን ድምጽ መጣ። «ድንች?» አለ። «በዚህች መኪና፣ ድንች?» መጀመሪያ የሳቀው ሙሽራው ነው። ከዚያ ሚኒባሱ ሁሉ ሳቀ። አቶ ይርዳው ግን አልሳቁም።

«መኪናው ብረት ነው» አሉኝ። «እኚህን ሰው ግን በሠርጌ ቀን ልታሳስረኝ ነበር። ሥራውን እርሳው።» ጋሽ ጥሩነህን ጎንበስ ብለው ይቅርታ ጠየቁ፣ ሠርጉ ላይም እንዲገኙ ለመኗቸው። እሳቸው «ዘሩ እንዳይዘገይ» ብለው ጋሪያቸውን አዙረው ወደ ዳንግላ ቀጠሉ። ሙሽሪትም ያን ቀን እንጅባራ የገባችው እኔ በናቅኳት ሚኒባስ ነው። በሰው ጢም ብላ ስለነበር አልዘለለችም አሉ።

ከሠርጉ ማግስት አቶ ይርዳው ያለ እኔ አዲስ አበባ ገቡ። የሚኒባሱ ባለቤትም ወሬውን ሰምቶ ቁልፉን ተቀበለኝ። ስሜም በአንድ ቀን ከ«ነፋሱ» ወደ «ድንቹ» ተቀየረ። ሳምንት ከቤት አልወጣሁም። በስምንተኛው ቀን መኮንን ደወለ።

«መኪናዋ ባሕር ዳር እኔ ጋ ናት። አቶ ይርዳው አንተ ሰበርክ፣ እስክትድን አብረሃት ተቀመጥ ብለዋል። እሳቸው ያዘዙት ቅጣቱን ነው፤ እኔ ግን የምፈልግህ ለሌላ ነው።»

«ለምን?»

«ጋራዥ ውስጥ ግማሹ ሥራ ሹፌር የደበቀውን መፈለግ ነው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ‹ድንች ጫንኩ› ያለ ሰው ዘንድሮ ካንተ ሌላ አላየሁም።»

ሄድኩ። ካምቢዮው ወርዶ፣ የተቀደደው ተበይዶ፣ ዕቃው ከውጭ መጥቶ እስኪገጠም አራት ወር ፈጀ። የመጀመሪያውን ወር ብሎን ብቻ ነው ያጠብኩት። የዚያችን መኪና ሆድ እቃ እስክሸመድደው አየሁት። ለምን ዝቅ እንዳለች፣ ለምን ሞላዋ እንደጠነከረ፣ ካምቢዮዋን ለምን ከኋላ እንዳስቀመጡት ገባኝ፤ ክብደቱን ከፊትና ከኋላ ለማካፈል ነበር። እኔ ልጨምርላት የሞከርኩትን ሚዛን እነሱ ከጅምሩ ለክተው አስቀምጠውላት ነበር። ወንበሯን ስንፈታ ሥሩ አንድ ድንች አገኘን፤ ጨለማ ውስጥ ጣት የሚያህል ቡቃያ አውጥታለች። መኮንን ሊጥላት ሲል ተቀበልኩት።

ከአራት ዓመት በኋላ እንጅባራ ተመልሼ ትንሽ ጋራዥ ከፈትኩ። ዛሬም እዚያው ነኝ። አዲስ አበባ ለዕቃ ካልሆነ አልሄድም። የጎደለብኝ የለም፤ ሳይደግስ አይጣላም የሚሉት እውነት ነው። ስፖርቷ መኪናም ድና ባለቤቷ ዘንድ ተመልሳለች። ወደኔ ደጅ የሚመጣውን ሹፌር ሁሉ ኮፈኑን ከመክፈቴ በፊት የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ምን ጭነህ ነበር?» አንዳንዱ ይቆጣል፣ አንዳንዱ ይዋሻል። እጠብቀዋለሁ። እናንተም የምትወዱት ሰው ዋሽቶ ስታገኙት፣ ከቻላችሁ፣ ትንሽ ጠብቁት እላለሁ። እኔን ያዳነኝ ሰው የጠበቀኝ ነው።

እንዴት እንደጠበቀኝ ያወቅኩት ግን ባለፈው ዓመት ነው። ጋሽ ጥሩነህ ያቺን የበቀለች ድንች ያኔ ተቀብለውኝ ተክለዋት ነበር። ከዘሯ ከየምርቱ አንድ ቁና ሳያመጡልኝ አይቀሩም፤ «የመኪናዋ ድንች» ይሏታል። ባለፈው ዓመት ሲመጡ የጋሪያቸው ጎማ ተጣሞ ነበር። ተንበርክኬ እያየሁ ከልማዴ የተነሣ «ጋሽ ጥሩነህ፣ ምን ጭነው ነበር?» አልኳቸው።

«ዛሬ ድንች ብቻ» አሉ። ፎጣቸውን አስተካከሉ። «ያን ቀን ግን ያንተንም ውሸት ደርቤ ጭኜ ነበር።»

ቀና አልኩ። «ያኔ ሰምተውኝ ነበር?»

«እንዴት አልሰማ? ኔትወርክ የለም ብለህ ኮረብታው ላይ ቆመህ ‹ጋሪ ገባብኝ› እያልክ አገር ይያዝ ብለህ ስትጮህ! ዳማ ሳይቀር ሰምቶሃል።»

«ታዲያ ለምን አልሄዱም? ለምን ቆሎ ሰጡኝ?»

ጎማውን በእግራቸው ነካ ነካ አደረጉት።

«ብሄድማ ውሸቱ እውነት ይሆንብህ ነበር» አሉ። «እስክታወርደው ጠበቅኩህ።»